ነጻ የኮምፒውተር ጥበቃ ሲመርጡ፦ ከዊንዶውስ ጋር የመጣው ዲፌንደር ይበቃል ወይስ ሌላ አንቲቫይረስ ይጫን?

አዲስ ላፕቶፕ የገዛ ወይም አሮጌውን ፎርማት ያስደረገ ሰው መጀመሪያ ከሚያነሳቸው ጥያቄዎች አንዱ «አንቲቫይረስ የቱ ይሻላል?» የሚለው ነው። ጥገና ቤት ያለው ባለሙያ ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ አንዱን ይጭናል፤ ባለቤቱም ምን እንደተጫነለት ሳያውቅ ኮምፒውተሩን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ መልሱን ከፊት ላስቀምጠው። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ያለበትና ቢያንስ በየጥቂት ቀኑ ኢንተርኔት የሚያገኝ የቤት ኮምፒውተር ከማይክሮሶፍት ዲፌንደርና ከዊንዶውስ ፋየርዎል (ከኔትወርክ የሚመጣን ግንኙነት ከሚያግደው) ሌላ ምንም መጫን አያስፈልገውም። ለሳምንታት ኢንተርኔት ሳያይ ፍላሽ ብቻ የሚሰካበት ኮምፒውተር ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እዚያ ላይ ቢትዲፌንደርን የመሰለ ነጻ አንቲቫይረስ መጫን ያዋጣል። በክራክ፣ ማለትም ቁልፉ ተሰብሮ ያለ ክፍያ የተከፈተ «ፕሪሚየም» አንቲቫይረስ ደግሞ ለማንም አልመክርም።

ምክንያቶቹን በየተራ እንያቸው። የምጠቅሳቸው ዓመቶችና ቀኖች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዲፌንደር የድሮው አይደለም

«ዲፌንደር ምንም አያደርግም» የሚለው ወሬ ያለ ምክንያት አልተነሳም። በ2006 በዚህ ስም የወጣው ፕሮግራም ስፓይዌር (የስለላ ፕሮግራም) ብቻ የሚያሳድድ እንጂ ሙሉ አንቲቫይረስ አልነበረም። በ2009 ማይክሮሶፍት «ሴኩሪቲ ኢሴንሻልስ» የተባለ ነጻ አንቲቫይረስ ለኤክስፒ፣ ለቪስታና ለዊንዶውስ 7 አወጣ። ዲፌንደር ሙሉ አንቲቫይረስ ሆኖ ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ መምጣት የጀመረው በ2012 ከዊንዶውስ 8 ጋር ነው። በነዚያ ዓመታት በጀርመኗ ማግደቡርግ ከተማ ያለው ኤቪ ቴስት የተባለው መርማሪ ተቋም ለማይክሮሶፍት ዝቅተኛ ነጥብ ይሰጥ ነበር፤ ማረጋገጫ የነፈገበት ጊዜም አለ። ያን ጊዜ «ሌላ ጫን» ብሎ መምከር ትክክል ነበር።

ዛሬ ያው ተቋም በጥበቃ፣ በፍጥነትና በአጠቃቀም ምቾት እየመዘነ ለዲፌንደር ደጋግሞ 18 ከ18 ሰጥቷል። በገንዘብ ከሚሸጡት ጋር አንድ ረድፍ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ምክሩ ግን ከነበረበት አልተንቀሳቀሰም፤ ዛሬም ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ ሰዎችን አላስፈላጊ ፕሮግራም ያስጭናል።

ከመለጠቅ በፊት አንድ የሚያደናግር ነገር ላጥራ። እኛ የምንፈልገው ፕሮግራም ኮምፒውተርዎ ላይ «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» በሚል ስም ይገኛል፤ ስታርት ላይ ገብተው ቢፈልጉት ይመጣል። «ማይክሮሶፍት ዲፌንደር» የሚል ሌላ መተግበሪያም አለ፤ እሱ የማይክሮሶፍት 365 ክፍያ ለሚከፍሉ ደንበኞች ነው። ያ ስለሌለዎት ጥበቃ የለኝም ብለው እንዳይሰጉ።

የዲፌንደር እውነተኛ ድክመት፦ ኢንተርኔት ሲጠፋ

ይህን ክፍል ረዘም አድርጌ የምጽፈው ለእኛ አገር ተጠቃሚ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ነው ብዬ ስለማምን ነው። ውጭ አገር የሚጻፉ መመሪያዎች ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ መስመር ላይ እንዳለ ቆጥረው ይነሳሉ።

ዲፌንደር አንድን አዲስ ፋይል ሲመለከት ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ካለው የታወቁ ቫይረሶች ዝርዝር ጋር ያመሳክራል። ሁለተኛ፣ ጥርጣሬ ካደረበት በኢንተርኔት የማይክሮሶፍትን ሰርቨር ይጠይቃል፤ መልሱም በሰከንዶች ውስጥ ይመጣል። ጥንካሬው በብዛት ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። የኦስትሪያው ኤቪ ኮምፓራቲቭስ አንቲቫይረሶችን ኢንተርኔት ቆርጦ ጭምር ይፈትናል፤ በዚህ ፈተና ዲፌንደር ኢንተርኔት ሲኖረው ከሚያገኘው ውጤት በግልጽ ይወርዳል። ቢትዲፌንደርና አቫስት ኮምፒውተሩ ላይ ይዘውት የሚቀመጡት ዕውቀት ሰፋ ያለ ስለሆነ ያን ያህል አይወርዱም።

አሁን አንድ የተለመደ ቤት እናስብ። ኮምፒውተሩ ሳሎን ተቀምጧል፤ ልጆች የትምህርት ቤት ሥራ ይጽፉበታል፣ ፊልም ያዩበታል። ኢንተርኔቱ የስልክ ዳታ ነው፤ ፓኬጅ ሲገዛ በሆትስፖት ለትንሽ ጊዜ ይገናኝና ይቋረጣል። ፍላሹ ግን በየቀኑ ይዞራል፦ ፕሪንት ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ጓደኛ ቤት፣ ከዚያ ተመልሶ ቤት። ፕሪንት ቤት ያለ አንድ ኮምፒውተር በቀን ስንት ሰው ፍላሽ እንደሚሰካበት ያየ ሰው ቫይረሱ በምን እንደሚጓዝ አይጠፋውም። እንዲህ ላለ ቤት ሁለት አማራጭ አለ።

የመጀመሪያው ዲፌንደርን መመገብ ነው። የማይክሮሶፍት የዲፌንደር ማሻሻያ ገጽ ላይ የቫይረስ ዝርዝሩ እንደ አንድ ፋይል ተዘጋጅቶ ይወርዳል፤ ለ32 ቢትና ለ64 ቢት የየራሱ አለው። ከ100 ሜጋባይት በላይ ነው። ቢሮ ወይም ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርደው በንጹሕ ፍላሽ ቤት ይወስዱታል፤ ሁለት ጊዜ ሲጫኑት ራሱን ይጭናል። ዝርዝሩ በቀን ብዙ ጊዜ ስለሚታደስ የዛሬውን ለሳምንት አስቀምጦ መጠቀም አይመከርም፤ የወረደ ዕለት መጫን አለበት። የተጫነው ዝርዝር የመቼ እንደሆነ «ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን» በሚለው ገጽ ታችኛው ክፍል ላይ ከነቀኑ ይነበባል።

በሆትስፖት የሚገናኙ ሰዎች ሌላም ነገር ልብ ይበሉ። ዳታ ለመቆጠብ ግንኙነቱን «ሚተርድ» ካደረጉት ዊንዶውስ ማሻሻያዎችን ሊያዘገይ ይችላል። ይህ ማለት ቁጠባውን ይተዉ ማለት አይደለም፤ በተገናኙ ቁጥር እዚያው ገጽ ላይ «ቼክ ፎር አፕዴትስ» የሚለውን ራስዎ ይጫኑ። ቪዲዮ ማየት ከዚህ የበለጠ ዳታ ይበላል።

ሁለተኛው አማራጭ ቢትዲፌንደር ፍሪን መጫን ነው። የሩማንያ ኩባንያ ሥራ ነው፤ ኢሜይል አስገብተው አካውንት መክፈት ይጠበቅብዎታል፤ ለመጫንም በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ያወርዳል። ነጻው ቅጂ የራሱ ፋየርዎል የለውም፤ የዊንዶውሱ ፋየርዎል ሥራውን ይቀጥላል። እሱም ቢሆን ማሻሻያ ይፈልጋል፤ ልዩነቱ በመሐል ሲቋረጥ የሚያጣው ጥቂት መሆኑ ነው። ደካማ ኮምፒውተር፣ በተለይ 4 ጂቢ ራም ያለው፣ ሊከብደው ስለሚችል ከጫኑ በኋላ የተወሰነ ቀን ያስተውሉት።

ሌላ አንቲቫይረስ ሲጫን ዲፌንደር በራሱ ቦታውን ይለቃል፤ የተጫነው ሲወጣ ይመለሳል። ሁለት የውጭ አንቲቫይረሶችን ደራርቦ መጫን ግን አንዱ የሌላውን ፋይል እየጠረጠረ ኮምፒውተሩን የሚያንቀራፍፍ ከንቱ ድካም ነው።

ስለ ፍላሽ ካነሳን ሾርትከት ቫይረስን ሳልጠቅስ አላልፍም። ፍላሹ ሲከፈት ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ይታያሉ፤ ሲነኩ ቫይረሱ ይነሳል። ብዙ ሰው ፋይሌ ጠፋ ብሎ ፍላሹን ፎርማት ያደርጋል። ፋይሎቹ አብዛኛውን ጊዜ አልጠፉም፤ ቫይረሱ ደብቋቸው ነው። መጀመሪያ ፍላሹ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርገው በዲፌንደር ያስፈትሹ፤ ከዚያ በፋይል ኤክስፕሎረር «ቪው» ውስጥ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ያድርጉ። ካልታዩ በ«ኦፕሽንስ» ውስጥ የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውን ምልክት ያንሱት። ዲፌንደር ሙሉ ፍተሻ ሲያደርግ እንደ ልማዱ ፍላሽን አይጨምርም፤ ለዚህ ነው ፍላሹን ለብቻው በቀኝ ክሊክ ማስፈተሽ የሚያስፈልገው።

አቫስት፣ ኤቪጂ፣ አቪራ፣ ካስፐርስኪ

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የተለያዩ ይመስላሉ፤ ባለቤታቸው ግን አንድ ነው። አቫስት ኤቪጂን በ2016 ገዛ፤ ኖርተን ደግሞ በ2021 መጀመሪያ አቪራን፣ በ2022 አቫስትን ጠቀለለ፤ ዛሬ ሁሉም ጄን ዲጂታል በሚባል ኩባንያ ሥር ናቸው። ስለዚህ «አቫስትን ትቼ ወደ ኤቪጂ ሄድኩ» ማለት ብዙም ለውጥ የለውም።

ቫይረስ በመያዝ አይታሙም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በ2020 መጀመሪያ አቫስት የተጠቃሚዎቹን የኢንተርኔት አሰሳ መረጃ ጃምፕሾት በተባለ ቅርንጫፉ በኩል ይሸጥ እንደነበር በጋዜጠኞች ተጋለጠ፤ ቅርንጫፉም ተዘጋ። በ2024 የአሜሪካው ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ኩባንያው 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍልና ለማስታወቂያ ብሎ እንዲህ ያለ መረጃ እንዳይሸጥ አደረገ። ከስለላ ይጠብቀኛል ብሎ የጫነው ሰው የገባበት ድረ ገጽ ሁሉ እየተቆጠረ ተሸጠ ማለት ነው። ያ አሠራር ቆሟል፤ ነገር ግን ምንም ሳይጠይቀኝ የሚሠራ ዲፌንደር እያለ ወደዚያ የምሄድበት ምክንያት አይታየኝም። በየጊዜው ብቅ እያለ «ኮምፒውተርዎ ውስጥ ይህን ያህል ችግር አለ፣ ክፈሉና ይስተካከላል» የሚለው ማስታወቂያም ቴክኖሎጂ የማያውቁ ወላጆችን በከንቱ ያስደነግጣል።

ካስፐርስኪ ቫይረስ በመለየት ለረጅም ዓመታት ስመ ጥር ነው፤ ነጻ ቅጂም አለው። ይሁን እንጂ ምርጫው በሚኖሩበት አገር ይወሰናል። አሜሪካ ላሉ ወገኖች ጭራሽ አማራጭ አይደለም፦ የአሜሪካ ንግድ ሚኒስቴር በሰኔ 2024 ሽያጩን አገደ፤ ከመስከረም 29 ቀን 2024 ጀምሮ ማሻሻያ መላክም ተከልክሏል። ማሻሻያ የማያገኝ አንቲቫይረስ በየቀኑ እየደከመ ስለሚሄድ፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ተጭኖ የቀረ ካለ ያስወጡት። ጀርመን ውስጥም የመንግሥቱ የሳይበር ደኅንነት መሥሪያ ቤት በመጋቢት 2022 በሌላ እንዲተካ መክሯል። ክልከላው የመጣው ኩባንያው የሩሲያ መንግሥት ተጽዕኖ ሊደርስበት ይችላል በሚል ስጋት ነው።

ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የሚላኩ አዳዲስ ላፕቶፖች ብዙ ጊዜ የማካፊ ወይም የኖርተን የሙከራ ቅጂ ይዘው ይመጣሉ። የሙከራ ጊዜው ሲያልቅ «ክፈል» እያለ ይጨቀጭቃል እንጂ አይጠብቅም። ያስወጡትና ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያስነሡት፤ ዲፌንደር ሥራውን ይረከባል።

ክራክ

አንድ ሰው ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዞ የሚሄድ ቢሆን ይህን ቢይዝልኝ ደስ ይለኛል። በየጥገና ቤቱ ዊንዶውስና ኦፊስ የሚከፈትባቸው «አክቲቬተር» ፕሮግራሞች ሁሉ አንድ መመሪያ አላቸው፦ መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ። ባለሙያው ዲፌንደርን ያጠፋል፣ አክቲቬተሩን ያስነሳል፣ ኮምፒውተሩን ያስረክባል። ብዙ ጊዜ መልሶ አያበራውም፤ ቢያበራውም አክቲቬተሩ ያለበትን ፎልደር፣ አንዳንዴም ሲ ድራይቩን በሙሉ፣ «እዚህ አትመልከት» የሚል መዝገብ ውስጥ አስገብቶት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ አረንጓዴ ምልክት ያያል፤ ዲፌንደሩ ግን ዓይኑ ተጋርዷል።

ይህን ለመመርመር «ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን» ውስጥ «ማኔጅ ሴቲንግስ» የሚለውን ይክፈቱና እስከ ታች ይውረዱ፤ «ኤክስክሉዥንስ» የሚል አለ። ራስዎ ያላስገቡት ነገር ካለ ያጥፉት። እዚያው ገጽ ላይ «ሪል ታይም ፕሮቴክሽን»፣ «ክላውድ ዴሊቨርድ ፕሮቴክሽን»ና «ታምፐር ፕሮቴክሽን» ሦስቱም መብራት አለባቸው። የመጨረሻው ሌላ ፕሮግራም ተደብቆ ዲፌንደርን እንዳያጠፋ የሚከለክል ነው።

በክራክ የሚከፈቱ የሚከፈልባቸው አንቲቫይረሶችም ከዚሁ አይለዩም። ሙሉ ኮምፒውተሩን የመፈተሽ ሥልጣን ያለውን ፕሮግራም ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ከፍቶ ነካክቶ እንደገና ያሸገውን መጫን፣ ጭራሽ አንቲቫይረስ ከሌለው ኮምፒውተር የባሰ አደጋ ነው።

የአማርኛ መጻፊያም ለዚህ ምክንያት ሲሆን አያለሁ። ሰው አማርኛ ለመጻፍ ብሎ ከየፍላሹ የተገለበጠ፣ ቁልፉ የተሰበረ ሶፍትዌር ይጭናል። ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፤ ሴቲንግ ውስጥ ቋንቋ መጨመር ብቻ ነው። አጻጻፉ ካልተመቸዎት ኪይማን የተባለው የኪቦርድ ፕሮግራም ነጻ ነው።

ፋየርዎል

አንቲቫይረስ የገባውን ፋይል ይመረምራል፤ ፋየርዎል ደግሞ ከኔትወርክ የሚመጣውን ግንኙነት ያግዳል። ዊንዶውስ ኤክስፒ በ2001 ሲወጣ ፋየርዎል ነበረው፤ ግን ጠፍቶ ነበር የሚመጣው። በነሐሴ 2003 ብላስተር የተባለው ትል ማንም ምንም ሳይነካ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር እየተሻገረ ብዙዎችን አዳረሰ። ማይክሮሶፍት በነሐሴ 2004 በሰርቪስ ፓክ 2 ፋየርዎሉን ከመነሻው አብርቶ መላክ ጀመረ፤ እስከ ዛሬም እንዲሁ ነው። በግንቦት 2017 በ150 አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን የቆለፈው ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ የተስፋፋው 445 በተባለው የፋይል መጋሪያ በር በኩል ነበር። ማስተካከያው ግን ከሁለት ወር በፊት፣ መጋቢት 14 ቀን 2017፣ ወጥቶ ነበር።

ለቤት ተጠቃሚ የፋየርዎሉ ዋና ውሳኔ አንድ ነው፦ ኔትወርኩ «ፐብሊክ» ይሁን ወይስ «ፕራይቬት»? ፐብሊክ ከሆነ ሌሎች ኮምፒውተሮች ወደ እርስዎ ፋይሎች የሚገቡበት በር ይዘጋል። ፕራይቬት የሚደረገው ፕሪንተር ወይም ፋይል በቤት ውስጥ ለመጋራት ሲፈለግ ነው። የኮንዶሚኒየም ጎረቤቶች ተዋጥተው በአንድ ዋይፋይ የሚጠቀሙ ከሆነ ቤትዎ ቢሆንም ፐብሊክ ያድርጉት፤ የጎረቤት ልጅ ላፕቶፕ ምን እንደያዘ አይታወቅምና። ካፌ፣ ሆቴልና ዩኒቨርሲቲም እንደዚሁ።

አንዳንዴ «ይህ ፕሮግራም በፋየርዎል ይለፍ ወይ?» የሚል መስኮት ብቅ ይላል። ብዙ ሰው ኢንተርኔቱ ይቆምብኛል ብሎ «አላው» ይላል። «ካንስል» ቢሉ ፕሮግራሙ ወደ ውጭ መገናኘቱን ይቀጥላል፤ የሚታገደው ከውጭ ወደ እሱ የሚመጣው ብቻ ነው። ምን እንደሆነ ካላወቁ ካንስል ይበሉ፤ አንድ ነገር እምቢ ካለዎት በኋላ መፍቀድ ይቻላል።

የዊንዶውስ ፋየርዎል ወደ ውጭ የሚወጣውን እንደ ልማዱ አያግድም። ይህ የሚያሳስበው ሰው ታይኒዎል የተባለውን ፕሮግራም ሊሞክር ይችላል፤ ነጻ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ከዊንዶውሱ ፋየርዎል ጎን ለጎን ይሠራል። ያልተፈቀደለት ፕሮግራም ሁሉ ስለሚታገድ ግን ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ለወላጆች ኮምፒውተር አላደርገውም። ዳታዎን ማን እንደሚበላው ለማወቅ ብቻ ከሆነ የፈለጉት፣ ሴቲንግ ውስጥ «ዳታ ዩሴጅ» የሚለው ገጽ የእያንዳንዱን ፕሮግራም ፍጆታ ያሳያል።

ጠፍተው የሚመጡ፣ ማብራት የሚገባ

«ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ» ያልታወቀ ፕሮግራም ዶክመንትና ፎቶ ፎልደሮች ውስጥ ያለውን እንዳይቀይር ያግዳል። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ቢገባ የሠርግ ፎቶና የመመረቂያ ጽሑፍ የሚተርፈው በዚህ ሊሆን ይችላል። አሮጌ ፕሮግራም ፋይል አላስቀምጥ ካለ ከዝርዝሩ እሱን ብቻ መፍቀድ ይቻላል። «አፕ ኤንድ ብራውዘር ኮንትሮል» ውስጥ ያለው የማይፈለጉ ፕሮግራሞች ማገጃም መብራቱን ያረጋግጡ፤ ከነጻ ፕሮግራም ጋር ተጣብቀው የሚገቡ የማስታወቂያ ጭራዎችን ይይዛል።

የትኛውም አንቲቫይረስ የማያስጥልበት ነገርም አለ። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲቲዝን ላብ በታኅሣሥ 2017 ባወጣው ጥናት ውጭ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የተላኩ ኢሜይሎች የአዶቤ ፍላሽ ማሻሻያ አስመስለው የስለላ ፕሮግራም ያስጭኑ እንደነበር አሳይቷል። ለአንድ ሰው ተብሎ የተሠራ እንዲህ ያለ ፕሮግራም በማንም ዝርዝር ውስጥ ላይኖር ይችላል። አዶቤ ፍላሽ (ድረ ገጽ ላይ ቪዲዮና ጨዋታ ያጫውት የነበረው ፕሮግራም እንጂ የሚሰካው ፍላሽ አይደለም) ከ2020 ማብቂያ ጀምሮ የለም፤ ዛሬ «ፍላሽ ያሻሽሉ» የሚል ገጽ ሁሉ ውሸት ነው።

ማክና ሊኑክስ

ማክ ኤክስፕሮቴክትና ጌትኪፐር የተባሉ የራሱ ጠባቂዎች አሉት፤ ለቤት ይበቃሉ። ፋየርዎሉ ግን እንደ ልማዱ ጠፍቶ ነው የሚመጣው፤ ሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ «ኔትወርክ» ላይ ገብተው ያብሩት። ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነትም ፋየርዎሉን አጥፍቶ ይሰጣል፤ አንቲቫይረስ ለቤት ኡቡንቱ አላስፈለገም።

ዊንዶውስ 10 ላይ ያሉ

ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዲፌንደር የቫይረስ ዝርዝሩን እስከ 2028 እንደሚያገኝ ማይክሮሶፍት ተናግሯል፤ ይህ ግን ብዙዎችን እንዳያዘናጋ እሰጋለሁ። ዋናክራይ የገባበት ዓይነት የዊንዶውሱ የራሱ ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍነው የዊንዶውስ ማሻሻያ እንጂ አንቲቫይረስ አይደለም፤ ሌላ አንቲቫይረስ መጫንም ይህን አይተካም። ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 11 የሚችል ከሆነ ያሻግሩት። የማይችል ከሆነ እስከ ጥቅምት 13 ቀን 2026 የሚቆይ ተጨማሪ የደኅንነት ማሻሻያ አለ፦ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብተው ሴቲንግዎን ባክአፕ ካደረጉ በነጻ፣ አለበለዚያ በ30 ዶላር። መመዝገቢያው በሴቲንግ ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ ይገኛል። ከዚያ በኋላ ለአሮጌው ማሽን የሚቀረው ኡቡንቱን ወይም ሌላ ሊኑክስ መጫን ነው፤ ለመጻፍ፣ ፊልም ለማየትና ኢንተርኔት ለመጠቀም አያሳፍርም።